ባዶ እጅህን ተመለስ

ሂሌቪ ቃሉን የሰማችው ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው።

«ይቅናህ» አለችው ባሏን ሲክስተንን፣ ጀልባዋ ውስጥ ሊገባ አንድ እግሩን አንስቶ ሳለ።

ስፒከን ወደብ ላይ የነበረ ሰው ሁሉ ቀና አለ። መረቡን ሲያጥብ የነበረው ማጠቡን ተወ። የሲክስተን የልጅነት ጓደኛ፣ ሽማግሌው አልጎት፣ ፒፓውን ከአፉ አውጥቶ በዓይኑ ገላመጣት። ቬነርን ሐይቅ ላይ ዓሣ ሊያጠምድ ለሚወጣ ሰው «ይቅናህ» አይባልማ! «ባዶ እጅህን ተመለስ!» ነው የሚባለው። የሚወድህ ሰው ሐይቁ ሰምቶ እንዳይቀና ብሎ እንዲህ ይረግምሃል፤ አንተም «እግዜር ይስጥልኝ» ብለህ ትወጣለህ። «ይቅናህ» የሚልህ ወይ አገሩን የማያውቅ እንግዳ ነው፣ ወይ ደግሞ ደመኛህ። ሂሌቪን እንግዳ ናት እንዳንል እዚሁ ወደብ ላይ የተወለደች፣ የዓሣ አጥማጅ ልጅ፣ የዓሣ አጥማጅ ሚስት ናት።

«አንቺ ሴትዮ፣ ጤና የለሽም እንዴ?» አለ አልጎት። «ይኼን ሰውዬ እኮ ባለፈው ኅዳር ከዚሁ ውሃ ውስጥ እንደ ግንድ ጎትቼ ያወጣሁት እኔ ነኝ! ድካሜን ልታስቀሪው ነው?»

«አፌ አመለጠኝ» አለች ሂሌቪ ፊቷ ቀልቶ።

«የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፣ እመቤቴ። ሲክስተን፣ ትፋ! ሦስት ጊዜ ትፋ!»

ሲክስተን በግራ ትከሻው በኩል ሦስት ጊዜ ተፋ። አንገቱም እጁም ስለሚንቀጠቀጥ ሦስተኛው ምራቅ የገዛ ጃኬቱ ላይ አረፈ። ሰው ሁሉ ሳቀ፣ እሱም ሳቀ። ሚስቱን ግን ትንሽ ጊዜ ወስዶ ተመለከታት። ከዚያ «ኤድላ» የምትባለዋን ትንሿን ጀልባውን ፈታና ሁለቱም ተያይዘው ወጡ።

ሂሌቪ ወደ ሐይቁ የወጣችው ወዳ አልነበረም። ውሃ እያሳሳቀ እንደሚወስድ አባቷን ያጣች ሴት ታውቃለች። ሲክስተን ላይ የመንቀጥቀጡ በሽታ ከገባበት ጊዜ ጀምሮ ጀልባዋን ተዋት እያለች ስትለምን፣ ስትቆጣ፣ ስታለቅስ ነው የኖረችው። እሱ ደግሞ አንዴ «እሺ» ካለ አንዴ «ከምድጃ ሥር ቁጭ ብዬ ልሙት ነው የምትዪው?» እያለ ይጮኽባት ነበር። ወደቡ ውስጥ ከወደቀ በኋላ ክረምቱን ሙሉ ተጨቃጭቀው በመጨረሻ ተዋዋሉ። የፀደዩን የመጀመሪያ ሳልመን ዓሣ ሲክስተን ራሱ ይይዛል፣ ራሱ ይታገላል፣ ራሱ በመረብ ያወጣል። እሷ መሪውን ብቻ ትይዛለች። ዓሣው ካመለጠው፣ ወይም እሷ የማጥመጃውን ዘንግ ወይ መረቡን በእጇ ከነካች፣ ጀልባዋ ትሸጣለች፤ ሲክስተን ዳግመኛ ሐይቅ ላይ አይወጣም። ካወጣው ግን ሂሌቪ አፏን ትዘጋለች፣ እሱም እንደ ድሮው ብቻውን ይወጣል። የውሉ ቀን ዛሬ ነበረች።

ብቻውን! ይህቺ ቃል ነበረች እንቅልፍ የነሳቻት።

ከወደቡ ወጥተው ደሴቶቹን እንዳለፉ ሐይቁ ተከፈተ። ወዲያ ማዶው አይታይም። ሚያዝያ ቢሆንም ውሃው ገና ከበረዶነት መላቀቁ ነው፤ የወደቀበት ሰው ስሙን ጠርቶ ሳይጨርስ እጅ እግሩ ይከዳዋል። ከሰሜን ምዕራብ የሚመጣው ንፋስ ገና ለስለስ ያለ ነበር።

ሲክስተን አራቱን ዘንጎች አዘጋጀ። መንጠቆ ያለባቸውን የውሸት ዓሣዎች አንድ በአንድ ወደ ውሃው ለቀቀ፤ ክሮቹን ወደ ጎን በሚጎትቱት ሁለት ትንንሽ ሳንቃዎች ላይ እያያዘ ሁለቱን ወደ ግራ፣ ሁለቱን ወደ ቀኝ አራቀ። ድሮ ዓይኑን ጨፍኖ የሚሠራው ሥራ ነበር። ዛሬ አንዱን ክር ለማያያዝ ሦስቴ ሞከረ፣ ሦስቴ አመለጠው። ሂሌቪ ልትረዳው እጇ ተነሳ፣ መልሳ መሪው ላይ ጣለችው።

«አየሁሽ» አለ ፊቱን ሳያዞር።

«ምኑን ነው ያየኸው? አፍንጫዬን ልጠርግ ነው።»

«አፍንጫሽ እዚህ ዘንጉ ጋ ነው ያለው?»

ሳቀች። ይኼ ሰውዬ መቼም ሲያስቃት ነው የኖረው።

«ስሚኝ» አላት ከዚያ፣ ቀልዱን ትቶ። «አንድ ነገር ብቻ ነው የምልሽ። ዓሣው ሲይዝም፣ እኔ ስጮኽም፣ ሰማይ ቢደፋም፣ ሞተሩን እንዳታቆሚ። ሰው በእግሩ በሚሄድበት ፍጥነት፣ አፍንጫዋን ወደ ንፋሱ አድርገሽ ዝም ብለሽ ንጂ። ጀልባ ከቆመች ክር ይላላል። ክር ከላላ ደግሞ ምን እንደሚሆን አንቺ ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ» አለች። ዓሣው መንጠቆውን ተፍቶ ይሄዳል።

«ቀዩን ገመድ እሰሪ።»

አሰረች። የቀዩ ገመድ አንዱ ጫፍ በነጂው እጅ ላይ ይታሰራል፣ ሌላው ሞተሩ ላይ ይሰካል። ነጂው ውሃ ውስጥ ከወደቀ ገመዱ ይነቀልና ሞተሩ ቀጥ ይላል። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሂሌቪ ያንን ገመድ ማየት ማቆም አልቻለችም።

ጥቁር ዳቦ በቅቤ በሉ፣ ከፔርሙዝ ቡና ጠጡ። የሲክስተን ስኒ ግማሹ ጉልበቱ ላይ ፈሰሰ፤ ሁለቱም እንዳላዩ ሆኑ። ረፋዱ ላይ ንፋሱ ጠነከረ። የቬነርን ማዕበል አጭርና ቁልቁለታም ነው፤ ጀልባዋ አንዱን ወጥታ ሳትጨርስ ሌላው ፊቷን ይመታታል። በስተኋላቸው፣ ንፋሱ በሚነፍስበት አቅጣጫ፣ የቄሱ ጥርሶች የሚባሉት ድንጋዮች ከውሃው ብቅ ጥልቅ ሲሉ ይታዩ ነበር። ሂሌቪ ዞር ብላ አየቻቸው። ሩቅ ናቸው፣ አለች በልቧ።

«እንመለስ ይሆን?» አለችው።

«ፈራሽ?»

«አልፈራሁም፤ በረደኝ።»

«በይ ዝም ብለሽ በ…»

አልጨረሰም። በቀኝ በኩል ያለው የዳር ሳንቃ ወደ ኋላ ተፈናጥሮ ሄደ፣ ዘንጉ እስከ ወገቡ ጎበጠ፣ የክር መጠቅለያው ጮኸ።

«ያዘ!» ብሎ ተነሳ ሲክስተን። ዘንጉን ነጥቆ እግሩን አንፈራጥጦ ቆመ። ዓሣዋ ከኋላቸው ራቅ ብላ ከውሃው ወጥታ ዘለለች፤ ነጭ ሆዷ ታየ። ወይ ጉድ! ሂሌቪ በዕድሜዋ እንዲህ ያለ ሳልመን ከሁለት ጊዜ በላይ አላየችም።

«እናትዬ! አየሻት? አየሻት ወይ?»

«አየኋት!»

«ንጂ! ዝም ብለሽ ንጂ!»

ነዳች። እሱ ይታገላል፣ ጀልባዋ ትዘላለች። አንዴ ማዕበሉ ሲመታቸው ተንገዳግዶ የጀልባዋ ጠርዝ ላይ በሆዱ ተኛ። ተነሳ። እንደገና ተንገዳገደ። ይኼ ሰው ነገ ብቻውን ይወጣል፣ አለች ለራሷ። ዛሬ ካሸነፈ ነገም ከነገ ወዲያም ብቻውን ይወጣል፣ አንድ ቀን ባዶ ጀልባ ነው አልጎት ጎትቶ የሚያመጣልኝ። ያን ጊዜ ምን እላለሁ? ውል ነበረን ልል ነው?

እጇ ወደ ቀዩ ገመድ ሄደ። ሳታስበው ነው ብሎ የሚከራከርላት ካለ ይከራከር፤ እሷ ግን አውቃ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ሳብ ብታደርገው ክሩ ይላላል፣ ዓሣዋ ትሄዳለች። ሲክስተን ያኮርፋል፣ ይሳደባል፣ ምድጃ ሥር ቁጭ ብሎ ያጉረመርማል። ግን ይኖራል።

ሳበችው።

ሞተሩ ቀጥ አለ። የንፋሱና የማዕበሉ ድምፅ ብቻ ቀረ።

«ምን ሆነ?» ብሎ ጮኸ ሲክስተን።

«ገመዱ አመለጠኝ!»

«መልሺና ሰኪው! ቶሎ!»

የጀልባዋ አፍንጫ ከንፋሱ ዞረ። ማዕበሉ በጎኗ መታትና ወደ ኋላ ይገፋት ጀመር፣ የቀሩት ሦስት ክሮች ላልተው ከሆዷ ሥር ገቡ። ዓሣዋ ግን መንጠቆውን አልተፋችም። ወደ ሰፊው ውሃ፣ ከንፋሱ ጋር እየተጋፋች ሸሽታ ስለነበር ክሯ መልሶ ተወጠረ። ሂሌቪ ገመዱን መልሳ ሰካች፣ ቁልፉን አዞረች፣ ሞተሩ ተነሳ።

«ቆይ!» አለ ሲክስተን። «ማርሽ እንዳታስገቢ! ክሩ ከሥር…»

የቀረውን ንፋሱ ወሰደው። ማርሹን አስገባች። ከኋላ እንደ ማጉረምረም ያለ ድምፅ ተሰማ፣ ሞተሩ አንዴ አቃሰተና ጸጥ አለ። ሦስቱም ክሮች ፕሮፔለሩ ላይ ተጠቅልለዋል።

ሂሌቪ ዞር ብላ አየች። የቄሱ ጥርሶች ሩቅ አልነበሩም። ማዕበሉ ላያቸው ላይ ሲፈርስ አረፋው ይታያል፣ ድምፁም ይሰማል። ከወደቡ ቢጠሩት እንኳ አልጎት የሚደርሰው እነሱ ከተፈጩ በኋላ ነው።

«መልህቁን!» አለ ሲክስተን።

ወደ ፊት ተሳበችና መልህቁን ወረወረችው። የሐይቁ ወለል ለስላሳ ዓለት ነው፤ መልህቁ አንዴ ይይዛል፣ መልሶ ይንሸራተታል። ጀልባዋ ቀስ እያለች ወደ ድንጋዮቹ ትሄድ ነበር።

ሲክስተን ዘንጉን ማስቀመጫው ላይ ሰካው፤ መጠቅለያው ክሩን እየለቀቀ ይጮኻል። ሞተሩን ወደ ላይ አነሳው፣ ቢላዋውን ከወገቡ አወጣ፣ በሆዱ ተኝቶ ወደ ፕሮፔለሩ ተዘረጋ። ክሩ ተጠምጥሞ እንደ ሽቦ ጠንክሯል። ቢላዋው ክሩን አይነካም፣ ብረቱን ይመታል። ውሃው በላዩ ያልፋል። ሌላ ጊዜ ቢሆን በአንድ ትንፋሽ የሚጨርሰው ነገር ነው። ጣቶቹ ተንቀጠቀጡ፣ ቢላዋው አንዴ ብልጭ አለና ውሃው ውስጥ ገባ።

ሲክስተን ባዶ እጁን እያየ ቀረ። ከዚያ ቀና ብሎ ሚስቱን አየ። ሂሌቪ መጀመሪያ የፈራ መሰላት፤ ኋላ ነው ማፈሩ የገባት።

«ሂሌቪ…»

«ተነስ። ቀበቶዬን ያዝ።»

ከምግብ ሳጥኑ የዳቦውን ባለ ጥርስ ቢላዋ አወጣች። እሱ በተኛበት ተኛች፣ ራሷና ትከሻዋ ከጀልባዋ ውጪ ተንጠለጠሉ። የመጀመሪያው ማዕበል ፊቷን ሲመታት ትንፋሿ ተቆረጠ። እንደ መጋዝ ወዲህ ወዲያ እያለች ክሩን ትቆርጥ ጀመር። ከኋላዋ የሲክስተን ጡጫ ቀበቶዋ ላይ ተቆልፏል። ያ የቡና ስኒ መያዝ ያቃተው እጅ አሁን ፍንክች አይልም።

«ብዙ ቀረሽ?»

«ዝም በል!»

«ድንጋዩ ደረሰ እኮ!»

«ዝም በል አልኩህ! አትልቀቀኝ ብቻ!»

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» አላት ከላይ። እንዲህ ባለ ሰዓት! ሂሌቪ አፏ ውሃ ሞልቶ እያለ ሳቋ መጣ፣ ሳቁም ልቅሶም ነበር። የመጨረሻው ጥቅል ተበጥሶ ወደቀ። ጎትቶ አስገባት። ሞተሩን አወረዱት፣ ቁልፉን አዞረች፣ አሳለና ዝም አለ። ደግማ አዞረች፣ ተነሳ። የመልህቁን ገመድ በዚያው በዳቦ ቢላዋ ገዘገዘችው፣ ተበጠሰ። ጀልባዋ አፍንጫዋን ወደ ንፋሱ ስታዞር ሂሌቪ ከጎኗ ያለውን ድንጋይ አየችው፣ የወፍ ኩስ ሳይቀር ይታይ ነበር።

ከዚያ ወጡ።

«ሂሌቪ» አለ ሲክስተን ቀስ ብሎ። «ዘንጉን እዪው።»

ዘንጉ አሁንም እንደጎበጠ ነው። ዓሣዋ አልሄደችም።

ሲክስተን ዘንጉን አነሳ። ሂሌቪ ሰው በእግሩ በሚሄድበት ፍጥነት ነዳች፣ ዓይኗን ከፊቷ ሳትነቅል። አሁን ገመዱን የሚነካባት ቢኖር እጁን በቆረጠች ነበር። እሱ ክሩን ይጠቀልላል፣ ዓሣዋ ትወስድበታለች፣ እንደገና ይጠቀልላል። «በርታ የኔ ጌታ» ስትል ራሷን ሰማች። ጠዋት ይሸነፍ ዘንድ የረገመችው ሰው ነው።

ዓሣዋ ከጀልባዋ ጎን ብቅ አለች። ሲክስተን ዘንጉን በአንድ እጁ ይዞ ባለ እጀታውን መረብ በሌላው አነሳ። መረቡ በእጁ ላይ ይርገፈገፋል። የመጀመሪያውን ሳተ፣ ዓሣዋ ፈንጥራ ወደ ታች ሄደች። ሂሌቪ መሪውን እስኪያማት ጨበጠችው፣ አልተነሳችም። ሁለተኛ ስትመጣ መረቡን ቀድሞ ውሃው ውስጥ አስገብቶ ጠበቃት፤ መረቡ በውሃ ውስጥ ሲሆን አይንቀጠቀጥም። ራሷ ገባችለት።

«አወጣሁ» አለ። ጮኾ አልነበረም። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የዓሣዋን ጀርባ አየ።

ሂሌቪ አንገቷን አሰገገች። ከዓሣዋ ጅራት ከፍ ብሎ፣ ጀርባዋ ላይ፣ አውራ ጣት የምታክል ወፍራም ክንፍ አለች። ሰው አርብቶ የለቀቃቸው ሳልመኖች ላይ ያቺ ክንፍ በጫጩትነታቸው ትቆረጣለች፤ እነሱን ወስዶ መብላት ይቻላል። ክንፏ ያልተቆረጠባት የሐይቁ የራሱ ልጅ ናት፣ ትለቀቃለች። ይኼን የማያደርግ ሰው ስፒከን ላይ ሰላም የሚለው የለም።

ሲክስተን ከውሃው ሳያወጣት መንጠቆውን ነቀለላት። ጅራቷን ይዞ እስክትነቃ ደገፋት። አንዴ ተንቀሳቀሰች፣ ሄደች።

«አሸነፍክ» አለችው ሂሌቪ።

«አሸነፍኩ።» ግን ደስ ያለው አይመስልም። ባዶውን መረብ እያጠፈ ተቀመጠ።

ሂሌቪ ደሴቶቹ መሃል እስኪገቡ ቻለች። ከዚያ ወዲያ አልቻለችም።

«ሲክስተን፣ ገመዱ አላመለጠኝም። ነቅዬው ነው።»

«አውቃለሁ።»

«መቼ አወቅክ?»

«ወደቡ ላይ። ይቅናህ ያልሽኝ ጊዜ አንድ ነገር እንደምታደርጊ አውቄያለሁ።»

«ታዲያ ለምን ይዘኸኝ ወጣህ?»

«ማንን ይዤ ልውጣ?» አላት። እንባዋ ወረደ። «ገድዬህ ነበር እኮ!» አለችው።

«ራስሽንም ጭምር፤ ለዚያ ገና እቆጣሻለሁ፣ አትቸኩይ።» የራሱን እጅ ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሲንቀጠቀጥ ያየው ነበር። «ባትነቅዪው ግን ቢላዋው ከእጄ እንደሚወድቅ አላውቅም ነበር። ብቻዬን ብሆን ኖሮ አሁን እዚያ ድንጋይ ላይ ነኝ።»

ወደቡ ሲደርሱ ሞተሩን ራሱ አጠፋው። ቁልፉን ነቀለና ከቀዩ ገመድ ጋር ሂሌቪ መዳፍ ላይ አደረገላት።

«ውላችን ዓሣውን ማውጣት ነበር፤ አወጣሁ። ማንም አላስተወኝም፣ እኔ ነኝ የተውኩት። ሽጪያት።»

የምግብ ሳጥኑን ይዞ ወረደ። አልጎት ከተቀመጠበት «ምን አገኛችሁ?» አለው።

«ባዶ እጃችንን ነን» አለ ሲክስተን፣ ሳይቆም። ስለ ዓሣዋ አንድም ቃል አልተነፈሰ። በእንጨቱ ድልድይ ላይ ትከሻው ወርዶ፣ ወደ ሐይቁ ዞሮ ሳያይ ሄደ።

ሂሌቪ ቁልፉን ጨብጣ ቀረች። ከኅዳር ጀምሮ በዚህ ዓለም ላይ ከዚህ ቁልፍ ሌላ ምንም አልፈለገችም። አሁን እጇ ገባ፣ እና እንደ ሌባ ነው የተሰማት። ድልድዩ ሊያልቅበት ሲል ጠራችው።

«ሲክስተን!»

ቆመ፣ ዞረ። ሰው ሁሉም ዞረ።

«ቅዳሜ ባዶ እጅህን ነው የምትመለሰው!» ብላ ጮኸች፤ ቁልፉን ከፍ አድርጋ አሳየችው። «የምመልስህም እኔ ነኝ! ሰማህ?»

አልጎት ፒፓውን ከአፉ አወጣ። ሲክስተን ሳጥኑን መሬት አስቀመጠ፣ ባርኔጣውን በሚንቀጠቀጥ እጁ አወለቀ።

«እግዜር ይስጥልኝ» አላት።